በቀስታ ያለፈው አረፋ

የመጨረሻውን ስላይድ ማይክሮስኮፑ ስር ታስገባለች። ዓይኗን ከማስጠጋቷ በፊት ትንሽ ትቆያለች፤ የቀደሙት ያሳዩዋትን ምናልባት ይሄኛው ያስተባብልላት እንደሆነ ብላ። አያስተባብልም። አረፋው በቀስታ ያለፈበት ነው፤ የሞቱት ሕዋሳት ቀይ ቀለም ጠጥተው ሞልተውታል።

አጠገቡ ያለው፣ አረፋው በፍጥነት የተነዳበት፣ አረንጓዴ ነው። አብዛኛው በሕይወት አለ።

ለምን እንደሆነ ይገባታል። መስታወቱ ላይ ባለው ጠባብ ቦይ የሳንባ ሕዋስ ታሳድጋለች፣ በፈሳሽ ትሸፍነዋለች፣ ከዚያ አየር ትነዳበታለች፤ የተዘጋ ሳንባ በማሽን ሲከፈት እንዲሁ ነውና። የፈጠነው አረፋ ከስሩ ወፈር ያለ ፈሳሽ ትቶ ይንሸራተታል። የዘገየው ግን ሕዋሳቱን ተጠግቶ እየፋቀ ነው የሚያልፈው።

ሥራውን የጀመረችው አባቷ ከተቀበሩ በኋላ ነው። ለቅሶው ላይ አክስቶቿ “ወንድማችንን በማሽን የገደለው ባልሽ ነው” ብለው አፋቸውን ሞልተው ሲናገሩ፣ ሐኪሙ ባሏ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። እሷ ግን ታውቃለች። አለቃው “ሳንባውን ቶሎ ክፈተው” ሲለው እምቢ ብሎ፣ አማቱን እንደ እንቁላል ይዞ፣ አየሩን በቀስታ የሰጣቸው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋችው የአክስቶቿን አፍ በማስረጃ ልትዘጋ ነበር። ማስረጃው ይኸው መጣላት።

“መኪና ውስጥ ጠብቄ ጠብቄ ቀረሽብኝ እኮ” ይላል ባሏ በሩን ከፍቶ። “አለቀ?”

“አለቀ።”

ጎንበስ ብሎ በማይክሮስኮፑ ያያል። “ወይ ጉድ! እልቂት ነው እኮ። ፈጣኑ ነው አይደል?”

መስታወት የሰው ደረት አይደለም፣ ትላለች በሆዷ። ሆዷ ግን አያምናትም።

“አዎ፣ ፈጣኑ ነው።”

በረጅሙ ይተነፍሳል። ከለቅሶው ወዲህ ተወጥሮ የከረመው ትከሻው ዝቅ ሲል ታየዋለች።

“አላልኩሽም? አባባ ራሳቸው ‘ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል’ ይሉ አልነበር? እስቲ አሁን አክስቶችሽ ይምጡና ይዩ!” ይስቃል።

ሳቁ ያናድዳታል። ማረፉ ደግሞ ደስ ይላታል፤ ደስ ማለቱ ራሱ ይመርራታል።

“በይ ላግዝሽና እንሂድ” ብሎ ያየውን ስላይድ ከማይክሮስኮፑ ስር ያነሳል።

“ተወው፣ እኔ...” እጇን ትሰዳለች፤ አትደርስበትም። ጠርዙ ላይ በራሷ የእጅ ጽሑፍ አንድ ቃል አለ፦ ቀስታ።

ያነበዋል። አጠገቡ ያለውን ሌላውን ስላይድ አያነሳም። የያዘውን ብቻ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ በሁለት እጁ፣ ፈሳሹ እንዳይናወጥ፣ በጣም ቀስ ብሎ።