ሦስተኛው ጥሪ

«ሐሚድ ኢድሪስ!» አለ ወጣቱ ሱዳናዊ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ማንም አቤት አላለም። ረፊቃ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ባሏ ሙሐመድጣሂር በሚል ስም ከድንበሩ ወዲህ ኮኪት ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ትራክተር ሲጠግን ኖሯል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሐሚድ መሆኑን፣ መተማ ድልድይ አፍ ላይ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ለእሷም የነገራት ሦስተኛ ልጃቸው ከተወለደ በኋላ ነው።

ካርቱም ላይ ሰላሳ ዓመት የነገሠው ወታደር ከወረደ ስድስት ወሩ ነው። አዲሶቹ ሰዎች የተሰደደ ይመለስ ብለው፣ ይሄን ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ከነዝርዝሩ ልከውታል። ስሙ ተጠርቶ አቤት ያለ የይለፍ ወረቀቱን ይዞ፣ ማዶ በቆመው አውቶቡስ ዛሬውኑ ገዳሪፍ ይገባል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ያለ ይሰረዛል። የሐሚድን ስም ያስመዘገበችው ገዳሪፍ ያለችው እናቱ ናት። ዓይኗ ጠፍቷል፤ ፊቱን ሳልዳስስ አልሞትም ብላ በሰው ልካለች።

«አንተን እኮ ነው» አለች ረፊቃ በሹክሹክታ። «በል አቤት በል እንጅ!»

«ሰምቻለሁ።»

ጠዋት ለኢድ የሚለብሰውን ነጭ ጀለቢያ አጥልቆ፣ እንደ ሙሽራ እየሳቀ ነበር ከኮኪት የተሳፈረው። አሁን ከንፈሩ አመድ መስሏል።

ምክንያቱን ታውቀዋለች። ያኔ፣ ሱዳን መምህር ሳለ፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ ስሙ ተጠራ። ድምፁ የጎረቤቱ ነበርና ስኳር ቸግሮት ይሆናል ብሎ «ነዓም»፣ አቤት፣ እያለ ወጣ። ጎረቤቱ ከወታደሮች መሃል ቆሞ ጣቱን ቀሰረበት። «መውጁድ» አላቸው፤ አለ፣ ይኸውላችሁ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ስለነበረው አሥራ አንድ ወር ትንፍሽ ብሎላት አያውቅም። እሷስ ጥፍር የሌላቸውን የእግሩን ጣቶች እያየች ምን ብላ ትጠይቀው?

«ሐሚድ ኢድሪስ! ሁለተኛ!»

«ተለውጧል እኮ መንግሥቱ!» አለች። «ይሄ ልጅ ያኔ መች ተወለደና!»

«ወታደሮቹስ?»

ድልድዩ ማዶ የቆሙትን ነበር የሚያየው። መለዮው ያው የድሮው ነው። ረፊቃ አዘነችለት፤ ወዲያውም ተናደደችበት። እናትየዋ ስንት ዓመት ትጠብቅ?

«ሐሚድ ኢድሪስ! ሦስተኛ!»

ልጁ እስክሪብቶውን ስሙ ላይ አሳረፈ።

ረፊቃ ያደገችው ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው። እዚያ ጠዋት ስም ሲጠራ፣ የዘገየ ሰው ቀኑ እንዳይቃጠልበት አጠገቡ ያለው «መውጁድ!» ብሎ ይጮህለታል። ሁሉም ለሁሉም ያደርገዋል፤ ማንም አስቦ አያደርገውም። እሷም አላሰበችም።

«መውጁድ!» ብላ ጮኸች፣ ጣቷን ባሏ ላይ ቀስራ። «አለ! ይኸውላችሁ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ባሏም ዞሮ አያት። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አይቷት አያውቅም። ያን ጊዜ፣ ያ ጎረቤት ያየው ዓይን ምን እንደሚመስል ገባት። ጣቷን ቶሎ አጠፈችው፤ ግን አልፏል።

በሰው መሃል አልፎ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። ሁለት እጁን፣ ገመድ እንደሚጠብቅ፣ አንጓ ለአንጓ አጋጥሞ ለልጁ ዘረጋለት።

ልጁ ሰላምታ መሰለው። ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለውና «እንኳን ለአገርዎ አበቃዎ፣ ኡስታዝ!» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ጨበጠው፣ ነቀነቀው፣ ሲበቃው ለቀቀው። ከዚያ ማኅተም ያረፈበትን የይለፍ ወረቀት አንስቶ ዘረጋለት።

የባሏ እጆች አልተላቀቁም። ልጁ ወረቀቱን እንዴት እንደሚያስይዘው ግራ ገብቶት ቆመ።