አዳሪ

ወይዘሮ ጎንግ የሙዚቃ ክፍሉን በር በትከሻቸው ገፋ አድርገው ከፈቱት። «እርጥበት ሲነካው እንዲህ ያኮርፋል» አሉ፣ በሩን እንደ ልጅ ቆጣ እያሉ። የዚህች የሸለቆ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል፤ እንግዶቹ ከመጡ ወዲህ ግን ፈገግታቸው ከፊታቸው አልወረደም።

ኢንሱክ ተከትላቸው ገባች። በር ላይ የተሰጣት ነጠላ ጫማ ሰፍቷት በየእርምጃው ወደ ኋላ ይቀርባታል። ከሴኡል እስከዚህ ድረስ የነዳችው እሷ ናት፤ ወገቧ ደርቋል። ልጇ ሶዳም እጆቿን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከትታ በሩ ላይ ቆመች።

«በአንድ ክፍል ስንት ይሆናሉ?» ጠየቀች ኢንሱክ።

«ዘጠኝ ናቸው። ሶዳም ስትመጣልን አሥር። አሥር ከሞሉ ደግሞ ከበላይ የሚመጣው ሰው ዝጉት ለማለት አፉ ይከብደዋል።» ሳቁና ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ስለዚህ የእኔ ልጅ፣ ፈተና ላይ ያለነው እኛ ነን። እንዳትጥይን!»

ሶዳም በአክብሮት አንገቷን ዝቅ አደረገች እንጂ አልሳቀችም።

የኢንሱክ ልብ ግን ወደዚህ ትምህርት ቤት ሄዷል። በመስኮቱ የጎመን ማሳ ይታያል፤ ከማሳው ማዶ ባሏ ዶንግቹል የተወለደበት ቤት ጣሪያ። ዶንግቹል ሴኡል ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዓምና ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑን ያዘው፣ ምላሱንም አሰረው። አሳንሰር የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ እሱን ደግፎ ማውጣትና ማውረድ አልሆን ሲላቸው፣ ከተማውን ትተው ወደዚህ ሊገቡ ቆረጡ። የቀረው የሶዳም ሁለተኛ ደረጃ ነው። አንዱ ይሄ ነው፣ ከቤት በእግር የሚደረስ። ሌላው የወረዳው ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆቹ ከመጽሐፍ ቀና የማይሉበት፣ ቤታቸውን በወር አንዴ ብቻ የሚያዩበት። እሱን ጠዋት አይተውታል። ኢንሱክ የመኝታ ክፍሉን ጥበት አይታ፣ «እዚህ ሰው ያስራሉ እንጂ ያስተምራሉ እንዴ?» ብላ ነበር።

«የገብስ ሻይ ላምጣላችሁ፤ እስከዚያ ተነጋገሩ» አሉ ወይዘሮ ጎንግ፣ ወጡም።

«ደስ አይሉም ሴትየዋ?» አለች ኢንሱክ።

«ይላሉ።»

«እራትሽን ቤትሽ ትበያለሽ። አልጋሽ ቤትሽ። ቅዳሜ ከአባትሽ ጋር ወንዙ ድረስ—»

«እማ። እኔ አዳሪው ይሻለኛል።»

ኢንሱክ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «እስር ቤቱ?»

«አዎ፣ እስር ቤቱ።»

«አንቺ ልጅ! በየማጠናከሪያ ትምህርቱ ስትሮጪ እንቅልፍ አጣሁ እያልሽ ስትነጫነጪብኝ አልነበር? አሁን የሚያስተኛሽ ስታገኚ...»

«ለትምህርቱ አይደለም።» ሶዳም ወደ አሮጌው ፒያኖ ሄዳ አንዱን ቁልፍ ተጫነች። ድምፅ አልወጣውም። «ማክሰኞ ለአባዬ ውሃ ስሰጠው ሊጠራኝ ፈለገ። የአክስቴን ስም ጠራ። አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የድመቷን ስም ጠራ። ከዚያ አለቀሰ። ስሜ ጠፋበት፣ እማ።»

«ነይ እስቲ...»

«ሶዳም ነኝ እንዳልለው አፈርኩ። ጥዬው ወጣሁ።»

«ይሻለዋል እኮ። ሐኪሙ—»

«ሐኪሙ ያለውን አውቃለሁ። ግን በየቀኑ ሲፈልገኝ ማየት አልችልም። በወር አንዴ ከሆነ እችለዋለሁ።» ቀና አለች። ዓይኖቿ ደርቀዋል፤ ይሄ ነው ኢንሱክን የከበዳት። «ክፉ ልጅ ነኝ?»

እኔስ? የሚለው ኢንሱክ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። እኔስ ከማን ጋር ልቀር ነው? ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ከጠዋት ጀምሮ ትምህርት ቤት ስትመርጥ የዋለችው ለልጇ አልነበረም። እራት ሲቀርብ ሦስተኛ ሰው እንዲኖር፣ ከጓዳ «እማ» የሚል ድምፅ እንዲሰማ ነበር። ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

«ክፉ አይደለሽም» አለች። «ደክሞሽ ነው።»

«አንቺም ደክሞሻል።»

«እኔም ደክሞኛል። በይ ሂጂ፣ መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ።»

ወይዘሮ ጎንግ በትሪ ሦስት ኩባያ ይዘው ሲመለሱ ኢንሱክን ብቻዋን አገኟት። ፊቷን አዩና ትሪውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«አዳሪው ነው አይደል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዲሁ አደከምኩዎት።»

«ምን ይቅርታ አለው? እኛ ደጃችሁ ላይ ነን፤ ከጠላችው ትመጣለች።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ግማሹ ብቻ መጣላቸው። ሁለቱም ሻዩን ቆመው ጠጡ። የሶዳም ኩባያ ብቻውን ሲጨስ ቀረ።

መውጫው ላይ ኢንሱክ ነጠላ ጫማውን አውልቃ ጫማዋን ለመፈለግ ወደ መደርደሪያው ጎንበስ አለች። የተማሪዎቹ ጫማ የሚቀመጥበት ነው፤ በየሣጥኑ ላይ ስም ተለጥፏል፣ በፀሐይ የነጣ፣ ጠርዙ የተገለበጠ። ከታች በኩል ግን አንዱ ወረቀት አዲስ ነው። በጥንቃቄ በተጻፉ ትልልቅ ፊደሎች «ሶዳም» ይላል።

«ኧረ፣ የእኔ ችኮላ ነው!» ወይዘሮ ጎንግ ፊታቸው ቀላ። ጉልበታቸውን ይዘው ተንበረከኩና ወረቀቱን በጥፍራቸው ይልጡት ጀመር። የመጀመሪያው ፊደል ተላጠ። የቀረው ሙጭጭ አለ፤ አጥብቀው ነው የለጠፉት።

ኢንሱክ አንድ እግሯን ብቻ እንደተጫማች አጠገባቸው ተንበረከከች። አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ፣ ስሙን በጥፍራቸው ይፍቁት ጀመር።