ደም የሚፈራው ባሌ

ባሌ ፈሪ መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ አይደለም። በረሮ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ያን እሁድ ግን ባሰበት።

ለሥልጠና እያለ በየወሩ የሚመላለስባትን ሐዋሳን እኛንም አሳየን ብዬ ሁለት ዓመት ለመንኩት። በስንት ጭቅጭቅ እሺ አለና ሄድን። አንድ ለእናቱ ለሆነው ለሰባት ዓመቱ ልጃችን ለባሮክ ሐይቁ ዳር ሳይክል ተከራየንለት። ገና አንድ ዙር ሳይሞላ ከግንቡ ጋር ተላትሞ ወደቀና ግንባሩ ተፈነከተ።

«አዲስ አበባ እንውሰደው» አለኝ ባሌ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ደሙ እየፈሰሰ አምስት ሰዓት ሙሉ? ክሊኒኩ ያውልህ፣ አስፋልቱን ተሻግረህ!»

«የዚህ አገር ክሊኒክ አይታመንም።»

«ደም ፈራሁ አትልም? ወንድ ተብለህ!»

ልጁን አሸክሜ፣ ከኋላ እየገፋሁ አስገባሁት። በሩ ላይ ስንደርስ እንደ ኤሊ አንገቱን ሸሚዙ ውስጥ ቀበረ። እንደዚያን ቀን ንቄው አላውቅም።

የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ቀና ብላ አየችውና ፊቷ በራ።

«እንዴ፣ የሄርሜላ አባት! ምነው ጠፉ? ጆሮዋን ተሻላት?» አለችው። ከዚያ እቅፉ ውስጥ ያለውን ልጅ አይታ ደነገጠች። «ውይ! ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»



ባሮክን ከባሌ እጅ ተቀበልኩት።

«የእኔ ነው» አልኳት።