የተቆረጠው ግራ ክንፍ

«የግራ ክንፏ የት ሄደ?»

ካሜራውን ከዓይኔ ሳላወርድ ነው የሰማኋት። ከአጥሩ ሽቦ ወዲያ፣ በመንገዱ በኩል ቆማለች። እኔ ከወዲህ፣ በጭነት አውሮፕላኖቹ ግቢ ውስጥ፣ የመግቢያ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ባለ ሁለት ሞተሯን አሮጊት ፎቶ እያነሳሁ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራች ናት። ሞተሯ ሲነሳ መጀመሪያ ታስላለች፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ ነው ፕሮፔለሮቿ የሚዞሩት። ይቺን ደቂቃ ለማንም አልሰጥም።

«እርስዎን ነው የማናግረው፣ ባለ ካሜራው!»

ዞር አልኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ስልኳን ሽቦው ላይ ለጥፋ አሳየችኝ። የእኔው ፎቶ ነው፤ ባለፈው ሳምንት በአሮጌ አውሮፕላን ወዳጆች ገጽ ላይ ያወጣሁት። ፎቶው ላይ ያለችው የዚችው አውሮፕላን መንትያ ናት፣ ከአራት ዓመት በፊት ከመሬት ተነስታ ብዙም ሳትርቅ የወደቀችው። ከሥሩ «አሮጊቷ ንግሥት፣ አንረሳሽም» ብዬ ጽፌበታለሁ።

«የሞተው ሁለት ሰው ነው» አለች። «እርስዎ ያለቀሱት ለቆርቆሮው።»

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

«የአብራሪው እህት።»

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ ውዬ የማድረው ከጥቃቅን ብሎን ጋር ነው፣ ሙግት አልችልበትም። ሌላ ሰው ያለውን ደገምኩላት። «የአደጋው አጣሪዎች ጨርሰውታል እኮ፣ ልጄ። የአብራሪ ስህተት ነው ብለዋል። እኔ ፎቶ አንሺ ብቻ ነኝ።»

«ልጄ አትበለኝ!» እርስዎነቴ እዚያ ላይ አበቃ። «ፎቶዎችህን በሙሉ አይቻለሁ። ሳምንት ሙሉ፣ አንድ በአንድ። አውሮፕላን ቆርጠህ አታውቅም። የጅራት ጫፍ እንኳ አያመልጥህም። ይቺን ብቻ ቆረጥካት። ግራ ክንፏም ግራ ሞተሯም የለም። ለምን?»

«ብርሃኑ አላማረኝም።»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ!»

ዘበኛው ከበሩ በኩል ተጣራ። «ምነው፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው» አልኩት።

«ሰላም አይደለም!» አለች እሷ፤ ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ ወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያ ሪፖርት ከወጣ ጀምሮ አባቴ ከቤት አይወጣም። የረዳት አብራሪው እናት በራችን ላይ ቆማ፣ ልጄን የበላው ልጃችሁ ነው ብላ ጮኻለች። ምን እንመልስላት? አንገታችንን ደፋን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያሉ አጽናኑን። አራት ዓመት አደረ እኮ! መች ጠራ?»

«አሮጌ ሞተር መቼም ዘይት ማንጠባጠቡ አይቀርም» አልኩ።

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የገባኝ። ስለ ዘይት ያነሳ ሰው አልነበረም።

ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ ከጩኸቱ የባሰው እሱ ነበር። «ያንጠባጥብ ነበር ወይስ ይፈስ ነበር? አንተ ትለየዋለህ።»

«ይፈስ ነበር።»

«ለማን ተናገርክ?»

የአውሮፕላኖቹ ጥገና ኃላፊ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ የዚያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ፎቶ ሳነሳ አይቶኛል። አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ሱቄ መጥቶ፣ ሰዓቱን አስጠግኖ፣ ስለ ፎቶ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይህን ባጅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያነሳሁት ከአጥር ውጭ፣ እሷ አሁን የቆመችበት ቦታ ቆሜ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ባጁን አንገቴ ላይ አጠለቅኩ።

«ለማንም።»

ጣቶቿን በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ ባጄን ያዘችና ሳበችው። ግንባሬ ከአጥሩ ጋር ተላተመ። «በዚች ነው?» አለች። ትንፋሿ ፊቴ ላይ ነው። «ወንድሜን በዚች ፕላስቲክ ነው የሸጥከው?»

አልተከላከልኩም። ስትለቀኝ ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሣሩ ላይ ተንበረከክኩ። ከኋላዬ አሮጊቷ መንደርደሪያው ላይ ወጥታ ታገሳለች። ዞሬ አላየኋትም። መንትያዋ በወደቀችበት ቀን ያነሳኋቸውን ያልተቆረጡ ፎቶዎች፣ አሥራ አንዱንም፣ ፍላሽ ላይ ገልብጬ በቀዳዳው አቀበልኳት።

«ፍላሽማ ማንም ይሰጣል» አለች። «አጣሪዎቹ ፊት ቀርበህ ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

«ባጁን ይቀሙሃል።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ውለታ እንደዋልክልኝ እንዳትቆጥረው!»

«አልቆጥረውም።»

«አሳየኝ።»

ላፕቶፑን አንስቼ ሽቦው ላይ አስደገፍኩትና ዋናውን ፎቶ አጎላሁት። በጣቴ ስክሪኑን እየነካሁ አሳየኋት። «ይኸውልሽ፣ ከሞተሩ ሽፋን ሥር ያለው ጥቁር መስመር ዘይት ነው። እስከ ጎማው ወርዷል። መሬት ላይ የቆመው የጥገና ኃላፊው ነው፤ በእጁ ሂድ፣ ሂድ እያለው ነው። ወንድምሽ ዘይቱን አይቶት ነበር። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ወደ ሞተሩ እያመለከተ…»

ቀና ብዬ ሳያት ዘይቱን አልነበረም የምታየው። ኃላፊውንም አልነበረም።

«እጅህን አንሳ» አለችኝ።

«ምን?»

«እጅህን አንሳ። ፊቱን ሸፍነኸዋል።»