ወር የሚቆጥር መሪጌታ

«እንግዲያማ አልለቅዎትም!» አለ ባሻ እንዳላማው፣ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ። «የእኛ የኔታ ሽፍቶቹን ተከትለው ጫካ ገቡ። ልጆቻችን ሀሁ እንኳ ሳይለዩ ሊያድጉ ነው። እዚሁ አማኑኤል ይቀመጡና ያስተምሩልን፣ መሪጌታ።»

አለበል በልቡ አምላኩን አመሰገነ። ነጭ ጥምጥሙና ጭራው ኬላውን ሊያሻግሩት ነው። ኬላውን የያዘው ይህ ባንዳ እስቲ ከድጓው ያሰሙኝ ብሎ ፈትኖታል፤ እሱም ልጅነቱን የጨረሰው ዲማ ነውና ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ አዚሞለታል። አሁን የቀረው ይህን ግብዣ በዘዴ አልፎ፣ ደብረ ማርቆስን ተሻግሮ፣ እናቱ በሕይወት ሳለች ጉንደ ወይን መድረስ ነው። «ዓይኗ በር በሩን ያያል፣ ቶሎ ና» ብለው ዘመዶቹ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ ልከውበታል።

ከሱዳን መምጣቱ ከታወቀ ግን እናቱን አያይም። በዚያ ሰሞን ጣሊያን ከሱዳን የመጣውን ሁሉ የእንግሊዝ ሰላይ እያለ ይሰቅል ነበር። አለበል ደግሞ ሰላይስ አይደለም፤ ገዳሪፍ በሚስዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ነው። ይህን ልዩነት ለጣሊያን ማን ያስረዳለታል?

ቶሎ እሺ ቢል እንዳይጠረጠር፣ እምቢ ቢል እንዳያስቀይም ፈራ። እንደ ቁም ነገረኛ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ለመሆኑ ወሩን በስንት ታስቡልኛላችሁ?» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

አይ አለበል! ዲማ ቁራሽ እየለመነ ሲማር፣ የኔታ አንድ ቀን ስለ ወር ደመወዝ ሲያነሡ ሰምቶ ያውቃል? የጎጃም የኔታ የተሰጠውን ይቀምሳል፤ ልጅ ዳዊት ሲያደርስ ወላጅ ሙክት ይጎትትለታል እንጂ፣ እውቀቱን በወር አይሸጥም። አለበልን ባዕድ አገር አበላሸው። በየዓመቱ የዋናው መምህር በር ላይ ቆሞ «ጭማሪዬስ?» ሲል የኖረ ምላስ፣ «ያስተምሩልን» ሲባል ሌላ ምን ሊል ኖሯል?

የባሻ እንዳላማው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ዞር ብሎ ወደ ዋርካው አየ። ከጥላው ሥር ጣሊያናዊው ሃምሳ አለቃ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተጋድሟል።

«ወር የሚቆጥር መሪጌታ ዛሬ አየሁ» አለ ባሻ። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ አንቱታውም ቀርቷል። «ደመወዝ ቆጥሮ ማስተማር የፈረንጅ ቤት ልማድ ነው። ከሱዳን ነህ አይደል?»

አለበል ሊዋሽ ፈለገ፤ ውሸቱ ግን አልመጣለት አለ።

«ምንድን ነው የምታስተምር?»

«እንግሊዝኛ።»

«ይከፍላሉ?»

«ይከፍላሉ። ለግብጹ መምህር ከሚሰጡት እኩሌታውን።»

«ሹመትስ?»

«ተማሪዎቼ ፈተና ባለፉ ቁጥር ‹የሚቀጥለው ሹመት ያንተ ነው› ይሉኛል። የተሾመው ግን ከአገራቸው ገና የመጣ ጎረምሳ ነው። ሥራውን ያስለመድሁት እኔ ነኝ።»

ባሻ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለዛ አልነበረውም። «እኔንም ሹምባሽ ሆነህ ባንዳውን ሁሉ ታዛለህ እያሉ ነው ባየሁት ተራራ ሁሉ የሚያስሮጡኝ። ጢሙ ያልበቀለ ጣሊያን በሰው ፊት ይሰድበኛል።» ከዚያ ዓይኑን አለበል ላይ ተከለ። «ዛሬ ግን እግዜር ሰጠኝ። የእንግሊዝ አስተማሪ ከነጥምጥሙ! ሹመቴ አንተ ነህ፣ ወንድሜ። አትቀየመኝ፤ እኔም ልጆች አሉኝ።»

ወደ ዋርካው ተራመደ።

«ባሻ!» አለ አለበል። ፍርሃቱን ንዴት ዋጠው፤ በሰው አገር ውስጥ ውስጡን ሲያብሰለስለው የኖረ ንዴት ነው። «ይስጡኝ፣ ግድ የለም። ግን በእኔ የሚሾመው ማን እንደሆነ ልንገርዎት? ያ የተኛው ነው። ‹ሰላይ ያዝሁ› ብሎ ለአለቆቹ ይጽፋል፤ የእርስዎን ስም አያነሣም። እርስዎን ትከሻዎን መታ መታ አድርጎ ‹በርታ› ይልዎታል። እኔ ከፈረንጅ ቤት ይህን ተምሬ ነው የመጣሁ። ዋሽቷል ካሉ ይጥሩት።»

ባሻ ባለበት ቆመ። አለበል ጀርባውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ፊቱ ምን እንደሚል አያውቅም።

በጫጫታው ሃምሳ አለቃው ነቃ። ቆቡን ከፊቱ አንሥቶ በቋንቋው ጮኸ። ማነው ማለቱ እንደሆነ ጣሊያንኛ የማያውቅም ይገባዋል። አለበል በልቡ እናቱን ተሰናበተ።

«ቄስ ነው!» አለ ባሻ እንዳላማው በተሰባበረ ጣሊያንኛ። ይችን ይችን አለበልም ለየ። «ድሃ ቄስ!»

ሃምሳ አለቃው አዛጋ። ያለ ጉዳይ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ነውና ተቆጣ፤ ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ጫማው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጣቱ አመለከተ። ባሻ ጠመንጃውን ከግንዱ አስደግፎ ተንበረከከ። በኩታው ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ባርኔጣው ወደ ኋላ ሸርተት ሲል ሽበቱ ታየ።

አለበል መሄድ ሲገባው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ከተንበረከከው ሰው ላይ ዓይኑን ማንሣት አቃተው፤ ራሱን ያየ መሰለውና አፈረ። ባሻ ቀና አላለም። በአንድ እጁ ጫማውን እየጠረገ፣ ሌላውን እጁን ከጀርባው አዙሮ፣ ጣሊያኑ እንዳያይበት ዝቅ አድርጎ፣ ሂድ፣ ሂድ ይለው ነበር።