ትሪው ሲቀመጥ
ቲፕ ይቅር የሚሉትና ይኑር የሚሉት ዓመታት ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ፤ በፈገግታ ልክ ይሁን ተባለ። ከዚያ ወዲህ በአስተናጋጅ ሁሉ ጉንጭ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተቀብሯል። ትሪ ሲነሳ ከንፈርን ይስባል፣ ሲቀመጥ ይለቃል።

እህቴ ፋናዬ አስተናጋጅ ናት። በእናታችን ለቅሶ «ሐዘንተኛ አያስተናግድም፣ ተቀመጪ» ብንላት እምቢ ብላ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ውሃና ንፍሮ አዞረች፤ ጥርሷ እስኪታይ ፈገግ እንዳለች።

«እናቷን ቀብራ ትገለፍጣለች» አሉ አክስታችን፣ እሷው እየሰማች።

አላስችል ብሎኝ ሄጄ ትሪውን ልቀበላት ያዝኩት። አጥብቃ ጎተተችው።

«ተዪኝ፣ እህቴ» አለች በዚያው ፈገግታ። «ካስቀመጥኩት ማልቀሴ ነው።»