የግራው መያዣ

አለሚቱ ሟች ባሏ ሰቦቃ ከጣውላ ጠርቦ የሠራውን ትንሽ ባቡር በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣች።

«ጋሽ በዛብህ፣ የጎደለውን ይሙሉልኝ። ከፎቶው ሥር ላስቀምጠው ነው። ከእርስዎ በላይ ባቡሩን ማን ያውቀዋል?»

በዛብህ ከሰቦቃ ጋር አቃቂ ባቡር ጣቢያ አብሮ ሠርቷል፤ ሰቦቃ ነጂ፣ እሱ ጠጋኝ። መብራቱን ከእስክሪብቶ ክዳን፣ ደረጃውን ከሰርዲን ቆርቆሮ ሠርቶ ገጠመ። ነጂው ባቡሩ ላይ ሲወጣ የሚጨብጠውን የግራውን መያዣ ግን ሳምንት ሙሉ ሲሸሸው ቆየ።

ሰቦቃ ያን መያዣ ሦስት ጊዜ ሳይነቀንቅ እግሩን ከመሬት አያነሳም ነበር። አንድ ጠዋት ብቻ፣ በዛብህ ብሎኑን ሳይነካ «አጥብቄዋለሁ፣ ውጣ» አለው። ሰቦቃ አመነው፤ ሳይነቀንቅ ወጣ። መያዣው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ፤ እሱም በጀርባው ሐዲዱ ላይ ወደቀ። አዳልጦት ነው ተብሎ ተቀበረ። በዛብህም ከለቀስተኛው ሁሉ በላይ ሲያለቅስ፣ አፅናኑት ተባለ።

ዛሬ ከሰዓት አለሚቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያየችው ሽቦ አጥፎ የግራውን መያዣ ሠራ፤ በሙጫም አጣበቀው። እስኪደርቅ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ።

«አጥብቀውታል?» አለችው።

ሌላ ቃል ፈልጎ አጣ።

«አጥብቄዋለሁ።»

የአለሚቱ ሁለት እጆች ጭኗ ላይ ነበሩ፤ የእሱም ከጠረጴዛው ርቀዋል። መያዣው ተነቀነቀ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።